የጀልባ ማፍሰሻ ውታፍና የቧንቧ ዕቃ፦ ከባሕር ዳር ያነሣሁት ጥያቄና የተሰጡኝ 22 ምላሾች

የተከበራችሁ የመድረኩ ተሳታፊዎች፣ ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ከባሕር ዳር ወደ ዘጌና በአቅራቢያው ወዳሉት ደሴቶች ሰው የማመላልስባት፣ ርዝመቷ ስድስት ሜትር ያህል የሆነች የፋይበር ጀልባ አለችኝ። የዛሬው ጥያቄዬ ስለ ሞተሯ አይደለም፤ ብዙዎቻችን ልብ ስለማንለው፣ በኋላ ግድግዳዋ ግርጌ ስላለው የማፍሰሻ ቀዳዳና ቀዳዳውን ስለሚዘጋው ውታፍ ነው። ጀልባዋ ወደ ዳር ስትወጣ በሆዷ የተጠራቀመው የዝናብና የማዕበል ውኃ በዚህ ቀዳዳ ይፈስሳል፤ ወደ ሐይቁ ስትመለስ ደግሞ እኛን ከጣና የሚለየን ያው ውታፍ ብቻ ነው።

ባለፈው የካቲት 16፣ በኪዳነ ምሕረት ዕለት፣ ከዑራ ኪዳነ ምሕረት ዘጠኝ ምእመናን አሳፍሬ ስመለስ የከሰዓት በኋላው ነፋስ ተነሥቶ ሐይቁን ያናውጠው ጀመር። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት እግራቸው መርጠቡን ሲነግሩኝ ማዕበሉ የረጨው መስሎኝ ነበር። የወለሉን ሳንቃ ሳነሣ ግን ውኃው ከቁርጭምጭሚት አልፏል። እጄን ሰድጄ ቀዳዳውን ስዳስስ በመጠምዘዝ የሚገባው የውታፉ ጥርስ በቦታው ቀርቶ ራሱ ተሰብሮ ወልቋል። እኚያው እናት ሳይጠየቁ የነጠላቸውን ጫፍ ቀድደው ሰጡኝ፤ ጠቅልዬ ወተፍሁትና ሁለት ወጣቶች በተቆረጠ ጄሪካን ውኃውን እየጨለፉ፣ እኔ በአንድ እጄ ጨርቁን ይዤ በሌላው ሞተሩን እየነዳሁ በሰላም ደረስን። ውታፉ ከአንድ የሕንፃ መሣሪያ መደብር የገዛሁት፣ ለቤት ቧንቧ የሚሆን ነጭ ፕላስቲክ ነበር።

ስለዚህ በዚህ ሥራ ላይ የቆያችሁ ሰዎች ምን ዓይነት ውታፍ እንደምትጠቀሙ፣ ከምን የተሠራው እንደሚሻል፣ ለእጅ መታጠቢያዬ መውረጃና በሆዷ የተጠራቀመውን ውኃ ስቦ ለሚያስወጣው ፓምፕ መውጫም የቤት ቧንቧ ዕቃ ይሆን እንደሆነ እንድትመክሩኝ በትሕትና ጠየቅሁ። ምላሾቹ 22 ደርሰዋል። ኋላ የሚመጣ አንባቢ ሁሉንም መከተል እንዳይቸግረው፣ የተባለውን በራሴ አነጋገር ከዚህ በታች አስፍሬአለሁ።

ቁጥር 1 የባሕር ዳር ጀልባ ነጂ ነው። እንኳን እግዚአብሔር አተረፋችሁ ካለ በኋላ፣ እርሱ የሚጠቀመው ጥርስ የሌለውንና ማንሻ ያለውን የጎማ ውታፍ እንደሆነ ጻፈ፤ አሠራሩንም ዕቃውን አይቶት ለማያውቅ ሰው እንኳ በሚገባ መንገድ አስረዳ። ጎማው በመካከሉ ዘንግ ያልፍበታል፤ ማንሻው ሲታጠፍ ዘንጉ ይሳባል፣ ጎማውም ከላይና ከታች ሲጨመቅ ወደ ጎን ይወፍርና የቀዳዳውን ግድግዳ ጥርቅም አድርጎ ይይዛል። ማንሻው ያለ ምንም ትግል ከታጠፈ ውታፉ ላልቷል ማለት ስለሆነ አውጥቶ ዘንጉን አንድ ዙር ማጥበቅ፣ በሁለት እጅ ካልሆነ አልታጠፍ ካለ ደግሞ ጥቂት ማላላት ይገባል። ከውጭ ሳይሆን ከውስጥ በኩል እንዲገባም አሳስቧል፤ ጀልባው ውኃ ላይ ሳለ እጃችን የሚደርሰው ከውስጥ ነውና። ከመግዛት በፊት ቀዳዳውን በካሊፐር መለካት እንጂ በዓይን መገመት እንደማይገባ ጨምሮ ስለነበር ለካሁት፤ 25 ሚሊ ሜትር ሆኖ ተገኘ።

ቁጥር 2 ከባለቤቷ ጋር ሁለት ጀልባ የምታስተዳድር እኅት ናት። በቁጥር 1 ሐሳብ ትስማማለች፤ ነገር ግን ጎማ ዘለዓለም እንደሚኖር መቆጠሩን አልወደደችውም። በጀልባው ሆድ ቤንዚንና የሞተር ዘይት መንጠባጠቡ ስለማይቀር ተራ ጎማ በቤንዚን ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ በመጨረሻም ይቀደዳል፤ ስለዚህ ዘይት የሚቋቋም ጎማ መፈለግ ይገባል። ጀልባው ለወራት ዳር ላይ ሲቆም ውታፉ እንደተጨመቀ ከተተወም የተጨመቀውን ቅርጽ ይዞ ይቀራል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ማንሻው ቢታጠፍም አይወፍርም። እርሷ በየዓመቱ ክረምት ሳይገባ ትቀይራለች፤ አሮጌውን ግን አትጥለውም፣ በገመድ አስራ ለመጠባበቂያ በሞተሩ አጠገብ ታንጠለጥለዋለች። ጎማውን ጎንበስ አድርጎ አጥፎ ማየትንም መክራለች፤ በእጥፋቱ ላይ እንደ ደረቀ ጭቃ የተሰነጣጠቀ ከሆነ ጊዜው አልፏል።

ቁጥር 3 ሜካኒክ ነው። እርሱ ጎማውን አያምንም፤ ባለ ጥርስ የናስ ውታፍ በሦስት ብሎን ከግድግዳው ጋር የሚታሰር ማቀፊያ ሲኖረው ምርጫው እንደሆነ፣ በመፍቻ ጠብቆ የተዘጋ ነገር በሰው እግር ተነክቶ እንደማይከፈት ጻፈ። ይህ እውነት ነው። የማንሻው ዓይነት ገመድ ወይም የዓሣ መረብ ከያዘው ሊነሣ ይችላል።

ቁጥር 4 ላይ የጻፉት አባት በወጣትነታቸው በምጽዋ በባሕር ኃይል ያገለገሉ ናቸው። በአክብሮት ግን ጠበቅ አድርገው፣ ናስ የሚባለውን ነገር ከውኃ በታች እንደማይፈቅዱ ገለጡ። ናስ የመዳብና የዚንክ ቅልቅል ነው፤ በጨው ውኃ ውስጥ ዚንኩ ቀስ በቀስ እየተበላ ሲወጣ የሚቀረው እንደ ስፖንጅ ብዙ ቀዳዳ ያለው መዳብ ብቻ ይሆናል፣ መልኩም ከቢጫነት ወደ ሮዝ ይለወጣል፤ መፍቻ ሲነካውም ይፈረካከሳል። ነሐስ ግን መዳብና ቆርቆሮ የተባለው ማዕድን የተቀላቀለበት ስለሆነ ይህ አያገኘውም፤ ባሕር የሚያውቁ ሰዎች ከውኃ በታች የሚያስገቡት እርሱን ነው ሲሉ ደመደሙ።

እዚህ ላይ ንግግሩ ሻከር ማለት ጀመረ። ቁጥር 5 ጣና ቀይ ባሕር እንዳልሆነ፣ ጠብታ ጨው በሌለበት ሐይቅ ላይ ለሚሠራ ድኃ ጀልባ ነጂ የማይገኝ ነሐስ ፈልግ ማለት ሥራውን ተው እንደ ማለት እንደሆነ በቁጣ ጻፈ። ቁጥር 6 እንደገና እኚያው አባት ናቸው፤ ማንንም ማስፈራራት እንዳልፈለጉ፣ ነገር ግን ዘጠኝ ነፍስ የተሳፈረበትን ጀልባ ዋጋ ከውታፍ ዋጋ ጋር ማመዛዘን እንደሚያሳዝናቸው መለሱ። በእኔ አስተያየት ሁለቱም በየስፍራቸው ልክ ናቸው። እንደ ጣና ባለ ጨው አልባ ውኃ የናሱ መበላት ከባሕሩ ጋር የሚወዳደር ስላልሆነ ናስ እዚህ ለዓመታት ያገለግላል። ሆኖም የአባታችን ምክር ለምርመራ ይጠቅማል፤ ናሱን በሚስማር ጫፍ ጫር ስታደርጉት ከሥሩ ቢጫ ሆኖ ካበራ ደኅና ነው፣ ሮዝ ሆኖ ከታየ ግን መቀየር አለበት። ሐሳቤን ከጻፍሁ በኋላ ቁጥር 5 ይቅርታ ባይጠይቅም ዝም አለ።

ቁጥር 7 ከደብረ ማርቆስ የጻፉ የቧንቧ ባለሙያ ናቸው፤ ለእኔ ከሁሉም የበለጠው ምላሽ የእርሳቸው ነበር። የተሰበረውን ውታፍና የማቀፊያውን ፎቶግራፍ አይተው ነገሩ የፕላስቲኩ ጥንካሬ ብቻ እንዳልሆነ፣ ጥርሱም እንዳልገጠመ ነገሩኝ። ወደ አገራችን ለቤት ሥራ የሚገባው የቧንቧ ዕቃ በአብዛኛው በእንግሊዝ ልክ የተቆረጠ ጥርስ አለው፤ በአሜሪካ የተሠራ ጀልባ ግን የሚመጣው የአሜሪካውን ልክ ይዞ ነው። የእንግሊዙ ጥርስ ሁለት ጎን የሚገናኘው በ55 ዲግሪ፣ የአሜሪካው በ60 ዲግሪ ነው። በግማሽ ኢንችና በሦስት አራተኛ ኢንች ላይ ሁለቱም በአንድ ኢንች ርዝመት 14 ጥርስ ስላላቸው አንዱ በሌላው ውስጥ ሲዞር እሺ ብሎ ይገባል፤ ነገር ግን የጥርሶቹ ጎን ከጎን ስለማይተኛ በመካከላቸው ውኃ የሚሄድበት መንገድ ይቀራል። በአንድ ኢንች ላይ የእንግሊዙ 11፣ የአሜሪካው 11 ተኩል ስለሆነ ጥቂት ዙር ሄዶ ይነክሳል። እርሳቸው የሚነክሰውን አይፈሩም፣ ሰውየው ወዲያው ያውቃልና፤ የሚፈሩት እሺ የሚለውን ነው። ከዚህም ሌላ አንዱ ጥርስ ቀጥ ያለ፣ ሌላው ወደ ጫፉ እየሾለ የሚሄድ ሊሆን እንደሚችል አስታወሱ። የሚሾለው እየገባ በሄደ መጠን በጥርሱ ራሱን ያጠብቃል፤ ቀጥ ያለው ግን ውኃ የሚዘጋው ከአንገቱ ሥር በሚገባው ጎማ እንጂ በጥርሱ አይደለም።

ይህን ካነበብሁ በኋላ በማግሥቱ የተሰበረውን ቁራጭና ከጎረቤቴ የተዋስሁትን፣ ከጀልባው ጋር የመጣ የናስ ውታፍ ጥርስ ለጥርስ አጋጥሜ ወደ መስኮቱ ከፍ አደረግኋቸው። ከመጀመሪያው ጥርስ እስከ መጨረሻው ድረስ እኩል ይሄዳሉ፤ ከእያንዳንዱ ጥርስ ሥር ግን እንደ ፀጉር የቀጠነ ብርሃን ይታይ ነበር። ለሁለት ዓመት ያህል ሆዷ ለምን እንደሚረጥብ ሳላውቅ በየማታው ስጨልፈው የነበረው ውኃ የገባው በዚያ ብርሃን ልክ ነው። ፎቶግራፉን ለባለሙያው ልኬላቸዋለሁ።

ቁጥር 8 ክፍተቱን ቴፍሎን የተባለውን የቧንቧ ጥርስ መጠምጠሚያ አብዝቶ በመጠምጠም መሙላት እንደሚቻል ጻፈ። ቁጥር 9 ደግሞ ከቴፍሎን ይልቅ የድሮው ቃጫ እንደሚሻል፣ ውኃ ሲነካው አብጦ እንደሚዘጋ አከለ። የደብረ ማርቆሱ ባለሙያ በቁጥር 10 ተመልሰው ሁለቱንም አረሙ። ቃጫ በብረት ቧንቧ ላይ ለዘመናት ያገለገለ ነው፤ ብረቱ እብጠቱን ይችለዋልና። ሴቷ፣ ማለትም ሌላውን ወደ ውስጧ የምትቀበለው ጥርስ፣ ፕላስቲክ ስትሆን ግን ያው እብጠት ከውስጥ ገፍቶ ይሰነጥቃታል። ቴፍሎንም የተሠራው የሚሾለውን ጥርስ ለማለስለስና ጥቃቅኑን ክፍተት ለመሙላት እንጂ የማይገጥመውን ለማግጠም አይደለም፤ ሦስት አራት ዙር ከበቃው በኋላ የሚጨመረው ሁሉ ፕላስቲኩን መወጠሪያ ነው። እኔም አሥር ዙር ጠምጥሜ በመፍቻ አጥብቄው እንደነበር በግልጽ ተናገርሁ። ከአንገቱ የተሰበረው በዚህ ምክንያት እንደሆነ አልጠራጠርም። ነጩ ፕላስቲክ ደግሞ ለግድግዳ ውስጥ የተሠራ ስለሆነ ፀሐይ አይችልም፤ ጣና ከባሕር ወለል በላይ በ1,800 ሜትር ገደማ ስለሚገኝ ፀሐዩ ብርቱ ነው።

ቁጥር 11 ከቁንዝላ በኩል የአሉሚኒየም ጀልባ ያለው ወንድም ነው። እስካሁን የተነገረው ሁሉ የፋይበር ጀልባ ምክር መሆኑን አስታወሰ፤ ጥሩ አድርጎ ነው። ናስም ሆነ ነሐስ ከአሉሚኒየም ጋር ተነካክቶ ውኃ ውስጥ ከቆየ ሁለቱ እንደ ባትሪ ይሆናሉ፤ የሚበላውም አሉሚኒየሙ፣ ማለትም ጀልባው ራሱ ነው። እርሱ ውታፉን ሲያወጣ በቀዳዳው ዙሪያ እንደ ዱቄት ያለ ነጭ ነገር አገኘ፤ ሲጠርገው ብረቱ ተቦርቡሮ ነበር። አሁን የሚጠቀመው ለጀልባ ተብሎ የተሠራውን፣ ፀሐይ የሚችለውን ጥቁር ፕላስቲክ ማቀፊያ ከነውታፉ ነው።

ቁጥር 12 ከእንጅባራ የጻፈ የፊዚክስ መምህር ነው፤ ጀልባ እንደሌለው፣ ነገር ግን ጥያቄው እንቅልፍ እንደነሣው ገልጦ ስሌት አቀረበ። ቀዳዳው 25 ሚሊ ሜትር፣ ከውኃው ገጽ በታች ያለው ጥልቀት 20 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ ውኃው በሰከንድ ወደ 2 ሜትር በሚጠጋ ፍጥነት ይገባል፤ በቀዳዳው ጠርዝ የሚጠፋው ሲቀነስ በደቂቃ ወደ 35 ሊትር ይሆናል። በ10 ደቂቃ 350 ሊትር ማለት የአምስት ሰው ክብደት በጀልባው ኋላ መጨመሩ ነው፤ ኋላዋ ሲዘቅጥ ደግሞ ቀዳዳው ይበልጥ ይጠልቃል። ይህን ሳነብ የነጠላዋ ቁራጭ ምን ያህል እንደዋለችልን የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ቁጥር 13 ለዚህ ሁሉ ጭንቀት ምክንያት እንዳላየ፣ ፓምፕ ያለው ሰው ስለ ውታፍ እንደማይጨነቅ አቃልሎ ጻፈ። መምህሩ በቁጥር 14 የመለሰው ትንሽ ሻከር ያለ ነበር፤ ከላይ ያለውን ስሌት ሳያነቡ አስተያየት መስጠት እንደማይገባ ተናግሮ፣ ብዙዎቻችን የምንገዛው በሰዓት 500 ጋሎን የሚል ፓምፕ በወረቀት ላይ እንኳ በደቂቃ 31 ሊትር ብቻ እንደሆነ አሳየ። ያውም ቁጥሩ የተለካው ውኃው ወደ ላይ ሳይወጣ ነው። ቱቦው አንድ ሜትር ሲወጣ፣ ውስጡ ሸንተረር ያለበት ሲሆን፣ ባትሪው ሲደክም በእጅጉ ይቀንሳል። ስለዚህ ውታፉ ሙሉ በሙሉ ከወለቀ እንዲህ ያለ ፓምፕ ጊዜ ይገዛል እንጂ ጀልባ አያድንም። ቁጥር 13 እንደገና አልተመለሰም።

ከዚህ በኋላ ወሬው ከጉዳዩ ራቅ አለ። ቁጥር 15 ላይ አንድ አዛውንት፣ ከደንገል የሚታሰረው ታንኳ ማፍሰሻም ውታፍም እንደሌለው፣ ውኃ ሲጠግብ ዳር ላይ ቆሞ እንዲደርቅ እንደሚደረግ፣ ይህንን ጥበብ የሚያውቁት በጣና ዳር የሚኖሩት ነገደ ወይጦዎች ሊጠየቁ እንደሚገባ አነሡ። ይህን ያነሡት በፍቅር ስለነበር ማንም አልከፋውም። ቁጥር 16 ግን ነገሩን እምቦጭ ወደተባለው የውኃ አረም ወሰደው፤ በ2004 ዓ.ም. ገደማ በሐይቁ ላይ ከታየ ወዲህ ስለተካሄዱት የማስወገድ ዘመቻዎች ረጅም ቅሬታ አሰፈረ። ቅሬታው ሚዛን የሚደፋ ቢሆንም ቦታው እዚህ ስላልሆነ፣ እባካችሁን ወደ ቀዳዳችን እንመለስ ብዬ ለመንሁ። ከሁለቱ ያገኘሁት ጥቅምም አለ። የእምቦጩ ሥርና የደንገሉ ቃጫ ከሐይቁ ውኃ በሚስብ ቱቦ አፍ ላይ ይጠመጠማል፤ ግልገል አባይና ሌሎቹ ወንዞች በክረምት የሚያመጡት ደለል ደግሞ በቫልቩ ውስጥ ተቀምጦ እጀታው እንዳይዞር ያደርጋል። ስለዚህ ከውኃ በታች ቫልቭ ያለው ሰው በወር አንድ ጊዜ እንኳ ከፍቶ መዝጋት፣ ወንፊቱንም ማጽዳት አለበት።

ቁጥር 17 ስለ ፋሼታ፣ ማለትም ቱቦን በብሎን ስለሚያጠብቀው የብረት ቀበቶ፣ የጻፈ ጋራዥ ያለው ሰው ነው። ከውኃ በታች ባለ ቱቦ ላይ አንድ ሳይሆን ሁለት ፋሼታ፣ ብሎኖቻቸው በተለያየ አቅጣጫ ሆነው እንዲታሰሩ መከረ። በገበያ ላይ አይዝጌ ተብለው የሚሸጡ ብዙዎቹ ቀበቷቸው ብቻ አይዝጌ ሆኖ ብሎናቸው ተራ ብረት ነው። ማግኔት ይዞ መሄድ ይበቃል፤ ብሎኑ ማግኔቱን ጥርቅም አድርጎ ከያዘው ይዝጋል። የራሴን ሄጄ ሞከርሁ፤ ከስድስቱ አራቱ ያዙት።

ቁጥር 18 ማቀፊያው በምን ማስቲሽ እንደሚቀመጥ ጠይቆ ራሱ መለሰ። ሲሊኮን በየመደብሩ ቢገኝም ከውኃ በታች ይላቀቃል፤ ከዚህም በላይ በፋይበሩ ላይ የሚተወው ቅባት ኋላ ሌላ ማጣበቂያ እንዳይይዝ ያደርጋል። ፖሊዩሬቴን አጥብቆ ይይዛል፣ ነገር ግን ኋላ ለማውጣት ያስቸግራል። ለሚፈታ ነገር ፖሊሰልፋይድ ይሻላል፤ ይሁንና አንዳንድ ፕላስቲክ ስለሚበላ ለናስ ማቀፊያ እንጂ ለፕላስቲኩ አይሆንም።

ቁጥር 19 ቀዳዳውን እንጂ ውታፉን አትዩ አለኝ። በአንድ ወርክሾፕ የፋይበር ጥገና የሚሠራ ሲሆን፣ ስለ ሁሉም ሰው ዝምታ ይገረማል። የብዙ ጀልባዎች የኋላ ግድግዳ ከውጭም ከውስጥም ፋይበር ሆኖ በመካከሉ ኮምፔንሳቶ አለው፤ ቀዳዳው ሲበሳ ያ እንጨት ይጋለጣል። በማቀፊያው ሥር ወይም በብሎኑ ቀዳዳ የሚሰርገው ውኃ እንጨቱን ከውስጥ ያበሰብሰዋል፤ ሞተሩ የተንጠለጠለውም በዚያው ግድግዳ ላይ ነው። በመዶሻ እጀታ ቀዳዳውን ከበው ቀስ እያሉ ሲያንኳኩት ደረቁ ጠንከር ያለ ድምፅ፣ የበሰበሰው ደግሞ የታፈነ ድምፅ ይሰጣል። ብሎኑን አውጥቶ በቀዳዳው ወስፌ መስደድም ይቻላል።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ብሎኖቹን ፈታሁ። ሁለቱ ደኅና ነበሩ። የታችኛው ግን ሲወጣ እንደ ቡና አተላ ያለ ጥቁር ውኃ ተከትሎት ወረደ፤ ወስፌውም ያለ ችግር ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ገባ። ያን ለማየት የፈጀብኝ ሩብ ሰዓት ብቻ ነበር፤ ሰው ስጭን የኖርሁት ግን ለሁለት ዓመት ነው። ጠጋኙ በላከልኝ መመሪያ መሠረት ለስላሳውን ጠርቤ አወጣሁ፣ ለሦስት ሳምንት ፀሐይ ላይ አደረቅሁት፣ ከዚያም ቀዳዳውን በኢፖክሲ ሞልቼ ሲጠነክር በመካከሉ እንደገና በሳሁት፤ አሁን ውኃው የሚነካው ኢፖክሲውን እንጂ እንጨቱን አይደለም።

ቁጥር 20 የተጻፈው በኃይል ነው። ጸሐፊው ለሁለት ዓመት ሆዷ የሚረጥብ ጀልባ ላይ ምእመናን መጫኔ፣ ያውም የሕይወት አድን ጃኬት ስለ መኖሩ አንድ ቃል አለመጻፌ ከውታፉ ይልቅ እንዳስቆጣው ነገረኝ። አንዳንዶች ስለ እኔ ሊከራከሩ ፈልገው ነበር፤ እኔ ግን አላስፈለገም አልሁ። በዚያ ቀን በጀልባዋ የነበረው ጃኬት ስድስት፣ ተሳፋሪው ዘጠኝ ነበር። አሁን ጃኬቱ ከመቀመጫው ቁጥር ጋር እኩል ሆኗል፤ ሰውየውንም ከልቤ አመስግኜዋለሁ።

ቁጥር 21 አንድ የዓሣ አጥማጆች ማኅበር አባል ነው፤ ከለስላሳ እንጨት እንደ ካሮት ሾጠጥ ተደርጎ የተጠረበ ሽብልቅ በየቀዳዳው አጠገብ በገመድ ታስሮ እንዲቀመጥ መከረ። እንጨቱ ውኃ ሲጠጣ ስለሚያብጥ ራሱን ያጠብቃል፤ ከቤት ሠሪ የተረፈ ቁራጭ ይበቃል። ስለ እጅ መታጠቢያው የጠየቅሁትን የመለሰልኝም እርሱ ብቻ ነው። መውረጃው ከውኃው መስመር በላይ በደንብ ከፍ ያለ ከሆነ የቤት ቧንቧ መታጠፊያና ማገናኛ፣ ማለትም ኤልቦና ኒፕል፣ ከፀሐይ እስከተከለለ ድረስ ሊያገለግል ይችላል፤ ጀልባው በጭነት ሲዘቅጥ ውኃ የሚደርስበት ከሆነ ግን እንደ ውኃ በታች መቆጠር አለበት። መስመሩን ባዶዋን ሳለች ሳይሆን ሰው ሞልቶባት እንድለካ አስጠነቀቀኝ። ስለካ የፓምፑ መውጫ ከውኃው በላይ የቀረው አራት ጣት ብቻ ነበር፤ ወደ ላይ አንሥቼዋለሁ፣ ቱቦውንም ከመውጫው በላይ ከፍ ብሎ ታጥፎ እንዲመለስ አድርጌአለሁ።

ቁጥር 22 በመጨረሻ ምን እንደመረጥሁ ጠየቀ። በፋይበር ጀልባዬ ላይ የናስ ማቀፊያ በፖሊሰልፋይድ አስቀምጬ ከጥርሱ ጋር የሚስማማውን የናስ ውታፍ ከነጎማው አስገብቻለሁ፤ የቁጥር 1 ዓይነት ባለ ማንሻ ጎማ ከውስጥ በኩል ለመጠባበቂያ፣ የእንጨቱም ሽብልቅ አጠገቡ ታስሯል። ወደ ሐይቁ ሳላስገባት በጠጋኙ ምክር ዳር ላይ ፈተንኋት። ከውጭ በማቀፊያው ዙሪያ የተፈጨ ጠመኔ ነሰነስሁ፣ ከውስጥ ውኃው ቀዳዳውን አንድ ስንዝር ያህል እስኪያልፍ ድረስ በጄሪካን ሞልቼ አሳደርኋት። ጠዋት ስመለስ ጠመኔው በውታፉ ዙሪያ እንደ ነሰነስሁት ነጭ ነበር፤ ከታችኛው ብሎን ሥር ግን የጤፍ ፍሬ የምታህል ጠቆር ያለች ነጥብ አየሁ። ውኃውን አፍስሼ ብሎኑን ፈታሁ፣ አድርቄ ማስቲሹን እንደገና ቀባሁት፣ እስኪደርቅም ጠበቅሁ። በሁለተኛው ሌሊት ጠመኔው ሙሉ ለሙሉ ነጭ ሆኖ አደረ።